ስለ ጓሮ የእንጨት ዕቃ ቤት

(በመሠረተ ትምህርት የራዲዮ ዝግጅት የተላለፈ ንግግር)

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕቃ ቤት ነው። እስቲ ቃሉን አብረን እናንብበው። ዕ-ቃ ቤት። ዕቃ ቤት። ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። ጎተራ ስንል የእህል ብቻ ነው። እኔ የምለው ግን ከመኖሪያ ቤት ጀርባ፣ ከጓሮ፣ በእንጨት የሚሠራውን ትንሹን ቤት ነው። ዶማው፣ አካፋው፣ ማጭዱ፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ ሽንኩርቱ፣ የዘር ከረጢቱ የሚገባበትን።

«ይህም ትምህርት ሆኖ ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። መምህር ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተመርቄ የመጣሁ። ስለ ዕቃ ቤት ያስተማረኝ ግን ተቋሙ አይደለም። ያስተማረኝ ኪሳራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምዕራብ ጎጃም በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተምራለሁ። በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ከአንድ አናጢ ደጃፍ የቆመች ትንሽ የእንጨት ቤት አየሁ። ሣንቃዋ በደንብ ተልጓል። በሯ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በሩን ከፈትሁት፤ ዘጋሁት፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ወደድኋት። ዋጋ ተከራክሬ ገዛኋት። በጋሪ አስጭኜ ወሰድሁና ከጓሮዬ መሬት ላይ አስቀመጥኋት። እንዲያው እንዳለች፣ አፈሩ ላይ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «መምህር፣ ቀለሟን አይተህ ገዛህ። እግሯስ የታለ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ቤት እንጂ በሬ አልገዛሁም ብዬ በልቤ።

አንድ ዓመት ደህና ቆየች። በሁለተኛው ዓመት የእናቴ ጎተራ አረጀና የበቆሎ ዘሯን እኔ ዘንድ አመጣች። «የተማረ ሰው ቤት ነው፤ እዚያ ይቀመጥ» አለች። ሁለት ከረጢት ነበር። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. መሬቱ ታርሶ ካለቀ በኋላ ልትወስደው መጣች። አንደኛውን ከረጢት ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው የታችኛው ወገን ወለሉ ላይ ቀረ። ወለሉን ምስጥ በልቶታል። በተበላው በኩል አይጥ ገብታ ከረጢቱን ቀዳዋለች። አይጥ የተወችውን የሚያዝያ ዝናብ አርጥቦት ሻግቷል። እናቴ አንድ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ሞከረችውና ተፋችው። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዘሩን ከገበያ ገዛን። በዘር ወቅት ዘር በስንት እንደሚሸጥ የገዛ ያውቀዋል።

አናጢው አልዋሸኝም። ያልጠየቅሁትን አልነገረኝም እንጂ። ስለዚህ ዛሬ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። ከታች ወደ ላይ ነው የምንሄደው። ከእግሩ እንጀምር።

ምስጥ የምትኖረው ከመሬት ውስጥ ነው። ብርሃንና ደረቅ አየር አትወድም። እንጨት አፈር ከነካላት ከአፈሩ ወጥታ ወዲያው እንጨቱ ውስጥ ትገባለች። ከውጭ ሲያዩት ሣንቃው ደህና ነው፤ ሲነኩት ግን ባዶ ቀፎ ነው። እንጨቱ በድንጋይ ላይ ከቆመ ግን ምስጥ በድንጋዩ ውስጥ ማለፍ አትችልም። በድንጋዩ ፊት ላይ ከአፈር ቀጭን መንገድ ሠርታ በዚያ ተሸፍና ትወጣለች። ይህን የአፈር መንገድ ሁላችሁም አይታችሁታል፤ በዛፍ ግንድ ላይም በግድግዳ ላይም ይታያል። እንግዲህ ልብ በሉ። ድንጋዩ ምስጥን ጨርሶ አያስቀርም። ድንጋዩ የሚያደርገው ምስጥ እንድትታይ ነው። ካየናት መንገዷን በዱላ እናፈርሰዋለን። የኔ ቤት ግን አፈር ላይ ስለተቀመጠች ምስጧ ስትበላ አንድም ቀን አላየኋትም።

ስለዚህ ዕቃ ቤቱ በእግር ይቁም። አራት እግር ወይም ስድስት፤ እንደ ስፋቱ ነው። ከእያንዳንዱ እግር በታች ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግ። ድንጋዩ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታይ እንጂ አይቀበር።

ከፍታው ስንት ይሁን? መሣሪያ ብቻ የሚገባበት ከሆነ ወለሉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ቢል ይበቃል። ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ማየት፣ መጥረጊያም ማስገባት አለበት። እህልና ዘር የሚገባበት ከሆነ ግን ወደ አንድ ሜትር ይጠጋ። ምክንያቱ አይጥ ናት። አይጥ ትዘላለች፤ እንጨትም ትወጣለች። መዝለሉን ከፍታው ይከለክላታል። መውጣቱን የሚከለክላት ቆርቆሮ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ አድርጋችሁ አልብሱት። አፉ ወደ ታች ይሁን። ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ይበል። አይጧ እግሩን ይዛ ትወጣና ከቆርቆሮው ሥር ስትደርስ መንገዱ ይዘጋባታል። የድሮ ዘይት ቆርቆሮ ለዚህ ይሆናል። አዲስ መግዛት የለባችሁም።

ይህን ሁሉ ሠርቶ መሰላሉን በሩ ላይ ተደግፎ የሚተው ሰው ግን አለ። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ። አይጥ መሰላል ታውቃለች። ስትጨርሱ መሰላሉን አንሱ። ከዕቃ ቤቱ ጋር የተደገፈ ማገዶ፣ የተከመረ ጭድ፣ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍም እንደ መሰላል ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም። ወይራና የሐበሻ ጥድ ምስጥንም መበስበስንም ይቋቋማሉ። ለእግር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እንደ ድሮው አይገኙም። አገር በቀል ዛፍ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥም በሕግ ያስጠይቃል። የፈረሰ ቤት ያለው ሰው ካለ አሮጌውን የጥድ ቋሚ ጠይቁት። ሃምሳ ዓመት የቆመ ጥድ ገና ሌላ ቤት ይሸከማል። ዝግባ ጥሩ ሣንቃ ይወጣዋል፤ ዝናብና ምስጥ ግን አይችልም፤ ለውስጥ መደርደሪያ ይሁን። ዋንዛ ለበር ያምራል፤ ለአናጢም ይመቻል።

አብዛኞቻችን ያለን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። አመሉን ማወቅ ነው እንጂ አይናቅም። እርጥቡን ከሠራችሁበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ በሣንቃውና በሣንቃው መካከልም ክፍተት ይመጣል። ስለዚህ ቅርፊቱን ላጡት። ቅርፊት ከተተወ ከሥሩ ነፍሳት ይራባሉ። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ከጥላ ሥር ከምሩት፤ በእንጨቱና በእንጨቱ መካከል ነፋስ ይግባ። አንድ በጋ ይቆይ። ደርቆ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በመዶሻ አንኳኩት። እርጥብ እንጨት ድምፁ ዱብ ይላል። ደረቅ እንጨት ይጮኻል።

ግንዱ ሲሰነጠቅ ከዳር ያለው ነጣ ያለ ነው፤ የመካከሉ ጠቆር ወይም ቀላ ይላል። ምስጥና ነቀዝ አስቀድመው የሚበሉት ነጩን ነው። ለእግር የመካከሉን ምረጡ። ብዙ ሰው እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ዘይቱ እህል ከሚነካበት ቦታ ግን ፈጽሞ አይድረስ።

ተሠርቶ የቆመ ዕቃ ቤት የምትገዙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ጎንበስ በሉና ከሥሩ እዩ። የወለሉን እንጨት በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው እንደ ዳቦ ከገባ ተዉት። በሣንቃው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ጉድጓድና ከሥሩ የደቀቀ የእንጨት ዱቄት ካያችሁ እንጨቱ ውስጥ የሚበላ ነፍሳት አለ። ከዚያ ውስጥ ግቡና በሩን ዝጉት። ቀና ብላችሁ ክዳኑን እዩ። ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ያስገባል። ቀጥሎ ግድግዳውን እዩ። እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሾልካል። ይህን ሁሉ ስታዩ ባለቤቱ ዝም ብሎ ከጠበቃችሁ ደህና ሰው ነው። ቀለሙን ብቻ እያሳየ የሚያቻኩላችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ገንዘብ ካነሰ ከየት እንቆጥብ? ከግድግዳው ቆጥቡ። ግድግዳው ቀርከሃም ሊሆን ይችላል፤ የተለሰነ ጭራሮም ሊሆን ይችላል። ከእግሩና ከክዳኑ ግን አትቆጥቡ። ቀለም ደግሞ የመጨረሻው ነው።

ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ አንድ ክንድ ያህል ይውጣ፤ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ። ቆርቆሮ ስትመቱ ምስማሩ ከፍ ባለው ጀርባ ላይ ይሁን እንጂ ውኃ ከሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይሁን። ቆርቆሮ ሌላ ጠባይ አለው። ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል። ሲበርድ ከውስጥ ወገን ላብ ያወጣና ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ ከረጢት እስከ ቆርቆሮው ድረስ አትከምሩ። ከክዳኑ በታች ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር፤ ክፍተቱም በጠባብ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

ቦታውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ውኃ የማይተኛበት ከፍ ያለ ሥፍራ ይሁን። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። ከማድ ቤት ይራቅ፤ እሳት አለና። በክረምት ዝናብ ከየት እየገፋ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ በሩ ጀርባውን ለዚያ ይስጥ።

ቤቱ ቆመ እንበል። አሁን ምን ይግባበት? እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ዕቃ ቤት ሲኖረን ያገኘነውን ሁሉ እንወረውርበታለን።

መሣሪያ ይሰቀል። ግድግዳው ላይ ምስማር ምቱና ዶማውን፣ ማጭዱን፣ ገጀራውን ስቀሉ። ከየምስማሩ በላይ ስሙን በከሰል ጻፉ። ዶማ። ማጭድ። ገጀራ። ይህ የንባብ ልምምድም ይሆናችኋል። ማታ ምስማሩ ባዶ ከሆነ ዶማው ማሳ ላይ እንደቀረ ወዲያው ታውቃላችሁ። መሣሪያው አፈሩ ተጠርጎ ይግባ፤ አፈር ያለበት ብረት ቶሎ ይዝጋል።

ሽንኩርት ነፋስ ይወዳል፤ በቀጭኑ ይዘርጋ። ድንች ለመብል ከሆነ ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው ይለመልማል፣ ይመራል፣ የበላውንም ይጎዳል። ለዘር ከሆነ ግን መጠነኛ ብርሃን ይስማማዋል፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆንለታል።

እህል ከመግባቱ በፊት ይድረቅ። በጥርስ መሞከርን ከእናቶቻችን ተምረናል። ሌላ መንገድ ልጨምርላችሁ። ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። እስከ ሲሶው እህል ጨምሩበት። የደቀቀና የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ አድርጉበት። ክደኑትና ጥቂት ደቂቃ በደንብ ነቅንቁት። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። መልሳችሁ አስጡት። ካልተጣበቀ ደርቋል።

ነቀዝስ? ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ማደሪያ አይሆነውም። በቆሎ ግን ለነቀዝ ሰፊ ቤት ነው። ነቀዟ ፍሬውን ትቀደውና እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድጋል። ከአንድ ወር ጥቂት አልፎ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ ንጹሕ የመሰላችሁ በቆሎ ከውስጡ ነቀዝ ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዴም ከማሳው ይዞት ይመጣል። አሮጌ እህል ካለ ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ። ወለሉንና ስንጥቁን ሁሉ ጥረጉ። አሁን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በገበያ ይገኛል። በደረቅ እህል ሞልተው ከፍተኛ ጥንቃቄ አድርገው ካሰሩት ነፍሳቱ ከውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱና ይሞታሉ። መድኃኒት አያስፈልገውም። ነገር ግን አይጥ አንድ ጊዜ ከቀደደችው ተራ ከረጢት ነው። እንደገና ወደ እግሩ ተመለስን ማለት ነው።

የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን ጉዳይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህ ኪኒን ከአየርና ከእህል እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ነቀዝ የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከመኝታ አጠገብ ባለ እህል ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። የግብርና ባለሙያ ሳይኖር በራሳችሁ አትጠቀሙበት። ልጆች ከብርድ የተነሣ ዕቃ ቤት ውስጥ ከረጢት ላይ እንዳይተኙም ተጠንቀቁ።

ማዳበሪያም ከዘር ጋር አይኑር። ከአየር እርጥበት እየሳበ ይረጥባል፤ የዘሩን መብቀል ይጎዳል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ላምባና ቤንዚንም እንደዚሁ ለብቻቸው።

የማታ ክፍሌ ውስጥ የሚማሩ አንዲት እናት ነበሩ። የተባይ መድኃኒት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቀድተው ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ከማጭዱ አጠገብ አስቀምጠው ነበር። የልጅ ልጃቸው ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ጠምቶት ጠርሙሱን አነሳ። ከፈተው። ሽታው አስደነገጠውና ጣለው። በሽታው ተረፈ። ያን ዕለት ማታ እናትየው ወደ ክፍል መጡና ደብተራቸውን ሳይከፍቱ «መምህር፣ የዛሬውን ፊደል ተወውና መርዝ የሚለውን አስጽፈኝ» አሉኝ። መ፣ ር፣ ዝ። ሦስት ፊደል ነው። ሲጽፉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ልጁንም አስጽፈውታል።

እናንተም ዛሬ ጻፉት። መርዝ። መድኃኒቱ ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ ጠርሙስ አይቀዳ። በቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ከእህልና ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ። ሣጥኑ ላይ መርዝ ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ከረጢቱም ላይ እንዲሁ ጻፉ፤ የእህሉን ስምና የገባበትን ቀን። «በቆሎ፣ ዘር፣ ጥር 12» ቢባል ይበቃል። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይወጣል።

ከረጢቶቹ ወለሉን አይንኩ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጡ። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቁ፤ ከኋላቸው ማየት እንድትችሉ። በየወሩ አንድ ቀን ምረጡ። ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ የምስጥ መንገድ ፈልጉ። የአይጥ ፋንድያ ፈልጉ። እጃችሁን ወደ ከረጢቱ መካከል አስገቡ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ እህሉ እየተበላሸ ነውና አውጥታችሁ አስጡት።

የኔዋ ቤት አሁን በእግሯ ቆማለች። ከዚያ ግንቦት በኋላ ከሽማግሌው ጎረቤቴ ጋር ሆነን አነሳናት። የተበላውን ወለል አወጣን። ከአሮጌ የጥድ ቋሚ ስድስት እግር ሠራንላት። አረንጓዴው በር እስካሁን አለ፤ ቀለሙ ግን ተልጧል፤ አላደስሁትም። እናቴ ዘንድሮም ዘሯን እኔ ዘንድ አምጥታለች። ከአህያዋ ላይ ከማውረዷ በፊት ግን ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ከወለሉ ሥር አየች። ከዚያ «አውርደው» አለችኝ።